መንግሥት መሬትዎን ሲወስድ ተገቢውን ካሳ እንዴት ማስከበር ይቻላል?

ለመንገድ፣ ለግድብ ወይም ለባቡር ሐዲድ ሲባል የግል መሬት መውሰድ በአብዛኛው ዓለም ለመንግሥት በሕግ የተፈቀደ ነው። ገደቡም የቆየ ነው፤ በ1791 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ የግል ንብረት ያለ ተገቢ ካሳ ለሕዝብ ጥቅም እንዳይወሰድ ይከለክላል። ካሳ የሚጠይቅ ሰው መብቱን ነውና የሚጠይቀው፣ አንገቱን መድፋት የለበትም።

1. ማስታወቂያው የደረሰዎትን ቀን ይመዝግቡ። የተቃውሞ ማቅረቢያው ጊዜ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ካለፈ ደግሞ ጥሩ ክርክር ያለውም ሰው ሰሚ ሊያጣ ይችላል። መሬቱ ለምን ሥራ፣ ምን ያህሉ፣ በየትኛው ሕግ እንደሚወሰድ በጽሑፍ ይጠይቁ።

2. ማስረጃ ይሰብስቡ። የባለቤትነት ሰነድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የጉድጓዱ፣ የአጥሩና የዛፎቹ ፎቶግራፍ። ቆፋሪው መኪና ከገባ በኋላ የነበረውን ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው።

3. ግምቱን መስመር በመስመር ይመርምሩ። ከሁሉም በላይ ጉልበትዎን እዚህ ላይ ያውሉ፤ መሬቱ እንዳይወሰድ ከመሟገት ይልቅ ዋጋውን በማረም የሚረቱ ባለመሬቶች ይበዛሉና። ገማቾች በአብዛኛው በአካባቢው የተሸጡ መሬቶችን ዋጋ ያነጻጽራሉ፣ መሬቱ የሚያስገባውን ገቢ ያሰላሉ፣ ወይም ግንባታውን እንደገና ለመሥራት የሚጠይቀውን ወጪ ይቆጥራሉ። ለማነጻጸሪያ የተወሰዱት ሽያጮች የቅርብ ጊዜ ናቸው? ለእርሻ የተሸጠ መሬት ለንግድ ከሚውል ቦታ ጋር አልተመዘነም? የፕሮጀክቱ ወሬ ከተሰማ በኋላ የወረደው ዋጋ ከተወሰደብዎት ይቃወሙ፤ የብዙ አገሮች ሕግ ፕሮጀክቱ ራሱ ያስከተለው የዋጋ ለውጥ ከስሌቱ እንዲወጣ ያዛል። አቅም ካለዎት የራስዎን ገለልተኛ ገማች ይቅጠሩ።

የተወሰደው ከፊሉ ብቻ ከሆነ የቀረውን አይርሱ። ከ10 ሄክታር 2ቱ መሐል ለመሐል ለመንገድ ቢወሰድ፣ የቀረው 8 ሄክታር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከውኃው ይለያይ ይሆናል። ይህ ጉዳት ራሱን ችሎ ሊካስ ይገባል። የገበያ ዋጋ የዕቃ ማጓጓዣውን፣ የተቋረጠውን ገቢ፣ የጠፉትን ደንበኞች አይጨምርም፤ እኔ በበኩሌ እነዚህን የሚያልፍ ካሳ ተገቢ ሊባል አይችልም ባይ ነኝ። የሕንድ የ2013 እ.ኤ.አ. ሕግ ይህን ጉድለት ተመልክቶ በተሰላው ካሳ ላይ የዚያኑ ያህል፣ ማለትም መቶ በመቶ፣ ተጨማሪ ክፍያ እንዲታከል ደንግጓል።

4. ሳያነቡ አይፈርሙ። «ሙሉ ክፍያ ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል ቀሪውን መብት ሊዘጋ ይችላል። በብዙ አገሮች መንግሥት እከፍላለሁ ያለውን ገንዘብ ተቀብሎ በልዩነቱ መከራከር ይቻላል፤ ሕጉ ከፈቀደ ክፍያውን የተቀበሉት ተቃውሞዎ እንደተጠበቀ መሆኑን በሰነዱ ላይ ያስጽፉ።

5. ካልተስማሙ በጊዜው ይግባኝ ይበሉ። መሬቱን ካስረከቡ በኋላ ክፍያው ከዘገየም ወለድ ይጠይቁ።