የሚያታ ምንጣፍን የሚያረጥበው ውሃ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንዳስቆምሁት

እ.ኤ.አ. በ1992 በተሠራችው ማዝዳ ሚያታ መኪናዬ ውስጥ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከመቀመጫዎቹ ኋላ ያለው ምንጣፍ ይረጥብ ነበር። ጣሪያዋ ጨርቅ በመሆኑ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ስፌቱን ነው፤ ስፌቱ ግን ደህና ነበር። ምክንያቱ በጣሪያው ግርጌ የሚሰበሰበውን ውሃ ከመቀመጫ ቀበቶዎቹ አጠገብ ተቀብለው ከኋላ ጎማዎች ፊት ወደ መሬት የሚያወርዱት የግራና የቀኝ ቱቦዎች በቅጠልና በጭቃ መደፈናቸው ነው።

ለሣር ማጨጃ ማሽን የሚሆን ወፍራም የናይሎን ገመድ ከላይ ቀስ እያልሁ አስገባሁ። የብረት ሽቦና ኃይለኛ የአየር ግፊት ቱቦውን ሊቀድዱት ወይም ከቦታው ሊያላቅቁት ስለሚችሉ አልመክራቸውም። ከዚያም ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ሳፈስስ መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ፣ በኋላም ንጹሕ ውሃ ከሥር ወረደ። ምንጣፉን አውጥቼ አደረቅሁት።

ጉዳዩን አጥብቄ የማነሣው፣ መውጫ ያጣው ውሃ ከበሩ ደፍ ሥር ባለው ብረት ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ስለሚያዝገው ነው። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያውን ትውልድ ሚያታ የማደስ አገልግሎት በጃፓን ማስታወቁና የጨርቅ ጣሪያን የመሰሉ መለዋወጫዎችን እንደገና ማቅረቡ እጅግ ያስደስታል፤ የዛገ አካልን ቆርጦ መበየድ ግን ከማንኛውም መለዋወጫ ይልቅ ውድና አድካሚ ሥራ ነው።