ጥምቀትን ጎንደር ለመዋል፦ ከጥር 9 እስከ ጥር 12

ለጥምቀት ጎንደር የሚመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ጥር 10 ጠዋት ደርሶ የነገሥታቱን ግንብም፣ ታቦታቱ ወደ ውኃው የሚወርዱበትን ከተራንም በአንድ ቀን ላዳርስ ሲል ነው። ግንቡ በሰው ተጨናንቆ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ሲወጣ ደግሞ ታቦታቱ አልፈዋል። መፍትሔው አንድ ቀን ቀድሞ መግባት ነው። ጥር 9 ባዶውን ያያችሁት በርና አደባባይ በማግስቱ በከበሮና በእልልታ ሲሞላ፣ የድሮው ጎንደር ምን ይመስል እንደነበር ያለ አስጎብኚ ይገባችኋል።

ቀኑና ማደሪያው

ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ትኬት የምትቆርጡ ግን ተጠንቀቁ፤ ጥር 11 ሦስት ዓመት በተከታታይ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውልና፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት 20 ላይ ይውላል። በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። ይህን ያላሰላ ሰው የመመለሻ በረራውን በበዓሉ ዕለት ቆርጦ ይገኛል። በመኪና የምትመጡ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀን ጠይቁ።

ማደሪያ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ያዙ፤ ፒያሳ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ታቦታቱ እስከሚያድሩበት ጥምቀተ ባሕር፣ ማለትም እስከ አፄ ፋሲል መዋኛ፣ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእግር ይኬዳል። በከተራ ከሰዓት በኋላ ዋናው መንገድ ለእግረኛ ብቻ ስለሚሆን ባጃጅ አያልፍም፤ ከከተማው ዳር፣ አዘዞ ያረፈ ሰው ርካሽ አልጋ ያገኝ ይሆናል፣ በዚያ ሰዓት ግን መግቢያ የለውም።

ምን ይያዛል

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጥር ፀሐይ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ግን ብርድ ነው። ነጠላ ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ቅዳሴውን ትቶ ሙቀት ፍለጋ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው አንድ ጋቢ። ውኃ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከያዛችሁ ሸክም ነው፣ መጸዳጃ ፍለጋም ያስቸግራል። ጥር 10 ገሃድ ስለሆነ ጾም ነው፤ ቆሎና ዳቦ ያዙ፣ ምግብ ቤት ውስጥም የፍስክ አትጠብቁ። ስልካችሁን በሁለት ፌስታል ጠቅልሉት፤ ንጋት ላይ ውኃው የሚረጨው ስልክ ያለውንና የሌለውን ሳይለይ ነው።

ጫማ ድፍን፣ ክሩ የሚጠብቅ ይሁን። ሸበጥ በሕዝብ መሐል ተረግጦ ይወልቃል። መጥፋቱ ምንም አይደለም፣ አደጋው እሱን ለማንሣት ጎንበስ ማለቱ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ቢባልም፣ አዲሱን ልብስ ለጥር 11 ረፋድ፣ ለታቦት ሽኝቱ አቆዩት። ንጋት ላይ ለብሳችሁት ከሄዳችሁ በውኃና በጭቃ ተበላሽቶ ትመለሳላችሁ።

ጥር 9፦ ግንቡ

ጠዋት ልክ ሲከፈት ግቡ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡለት። አፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ነው፤ ከእሳቸው በኋላ የነገሡት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሕንፃ እየጨመሩ ነው ግቢው እንዲህ የሞላው። ስለዚህ ከደቡብ ወደ ሰሜን ከሄዳችሁ ዘመኑም አብሯችሁ ይሄዳል፦ መጀመሪያ አራት ማዕዘኑ ላይ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች የቆሙበት የፋሲል ግንብ፣ ከዚያ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ የሣልሳዊ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ የበካፋ ግብር ቤት፣ መጨረሻ ላይ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ። የኢያሱን ግንብ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፣ በ1941 ደግሞ ጣልያን ሰፍሮበት ስለነበር የእንግሊዝ ቦምብ አርፎበታል።

ብዙ ጎብኚ ሳያያቸው የሚያልፈው በሮቹን ነው። ወደ 900 ሜትር የሚጠጋው አጥር 12 ያህል በሮች አሉት፤ ስማቸው ማን በየት ይገባ እንደነበር ይናገራል። ወንበር በር የዳኞቹ፣ እምቢልታ በር የነፊዎቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ ነው። ግንቡን ካያችሁ በኋላ በአጥሩ ዙሪያ በውጭ በኩል አንድ ጊዜ ዙሩ፤ ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው። በዚህ ሰሞን የነገሥታቱን ዘመን አለባበስ ለብሰው፣ ጋሻና ጦር ይዘው የሚወጡ ወጣቶች ታያላችሁ፤ ያ ልብስ ትርጉም የሚያገኘው በሮቹን ለይታችሁ ስታውቁ ነው። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት «ንጉሡን» አስፈቅዱ። ራሳችሁ ካባ ለመልበስ ካሰባችሁ ለማታ አድርጉት፤ ከፋይ በቀትር ፀሐይ አይቻልም።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂዱ። ጫማ ይወልቃል፣ ወንድና ሴት የሚገቡበት በር የተለያየ ነው፣ የካሜራ ብልጭታ ሥዕሉን ስለሚጎዳ አይፈቀድም። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች አንዳቸውም እናንተን ከማየት አይቦዝኑም፤ አንገታችሁ እስኪደክም ቀና በሉ። ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህችን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ እንዳዳናት ይነገራል።

አመሻሽ ላይ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በእግር ውረዱ። ይህን እርምጃ አትዝለሉት፤ የነገው ቦታችሁ የሚመረጠው ዛሬ ነው። ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ለበዓሉ ከቀሃ ወንዝ በተሠራ ቦይ ውኃ እየገባበት ቀናት ወስዶ ይሞላል። የዛፎቹ ሥር አጥሩን እንደ ጣት ጨብጦ ይዞታል፤ አጥሩ አጠገብ ለመቆም ካሰባችሁ ሥሩ ያልያዘውን ደልዳላ ቦታ ምረጡ። መውጫዎቹን ቁጠሩ፣ ቢያንስ ሁለቱን አስታውሱ።

የእንጨት መቀመጫ ተደርድሮ ብታዩ አትጓጉ። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚሁ የእንጨት መድረክ ሰው በዝቶበት ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። መሬት ላይ፣ ከመውጫ ብዙ ሳትርቁ መቆም ይሻላል። የሚታየው ትንሽ ቢቀንስም።

ጥር 10፦ ከተራ

ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት አገር ትባላለች፤ ሁሉም ግን ወደ አንድ ቦታ አይወርዱም። ምሳ በልታችሁ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መንገዱ ዳር ቁሙ። ከታቦታቱ ፊት ወጣቶች ምንጣፍ እየጠቀለሉና እየዘረጉ ይሮጣሉ፤ ምንጣፉን መርገጥ ነውር ነው፣ ልጅ የያዘ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ታቦት ሲያልፍ ቆማችሁ አሳልፉ እንጂ ለፎቶ ብላችሁ ፊት ለፊት አትግቡ። አንድ ታቦት ካለፈ በኋላ ከሕዝቡ ጋር አብራችሁ ውረዱ። ወደ ኋላ መመለስ አይቻልምና የረሳችሁት ነገር ካለ ረሳችሁት ማለት ነው።

ከመለያየታችሁ በፊት የመገናኛ ቦታ ተስማሙ። ጃን ተከል ዋርካ ለዚህ ይመቻል፤ ማንም ጎንደሬ ያመለክታችኋል። በከበሮው መሐል ስልክ ስለማይሰማ ሰዓትም ቁረጡ። ትንንሽ ልጆች ኪስ ውስጥ የወላጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አስቀምጡ።

ሌሊቱና ንጋቱ

አቅም ያለው እዚያው ያድራል፤ ልጅና አረጋዊ የያዘ እንቅልፉን ተኝቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቢነሣ ይሻለዋል። ከዚያ ካረፈደ ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። ሌሊቱን ማኅሌትና ቅዳሴ ነው፤ ሻማ በጨለማው ውኃ ዳር ሲበራ የምታዩበት ሰዓት ይኸው ነው፣ በቀን አይደገምም። ጎህ ሲቀድ ውኃው ይባረካል፤ ከዚያ በፊት ማንም አይገባም። ከተባረከ በኋላ ግን ወጣቶቹ ከአጥሩም ከዛፉም ላይ ይዘላሉ። ዋና የማትችሉ ጠርዙ ላይ አትቁሙ፤ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ከኋላ ያለው ሕዝብም ይገፋል። ጠበል በሩቁም ይደርሳችኋል፤ በቧንቧና በባልዲ ይረጫል።

ያኔ ወደ ማደሪያችሁ ተመልሳችሁ ልብስ ቀይሩና ረፋዱ ላይ ለሽኝቱ ውጡ። ጭፈራው፣ እስክስታው፣ የሎሚ ውርወራው ያለው እዚህ ነው።

ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ይመለሳል። ሕዝቡ ከዋዜማው ሳሳ ይላል፣ መንገዱም ይከፈታል፤ ግፊያ የማይወድ ሰው ሽኝቱን በዚህ ቀን ቢያይ ይመቸዋል። በረራችሁን ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ በኩል ስለሆነ ከፒያሳ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ተነሡ።