በአፓቼ ሶላር የፍለጋ ሶፍትዌር የሚያጋጥሙ የካሽ ችግሮች፦ ምልክት፣ መንስኤና መፍትሄ

የፍለጋ ውጤት አሮጌ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ሶላርን አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ይህ ችግሩን ለጊዜው ቢያስወግደውም መንስኤውን የሚጠቁመውን ማስረጃም አብሮ ስለሚያጠፋው፣ ሰርቨሩን ከመንካት በፊት አሮጌውን መልስ የያዘው የትኛው ክፍል እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የሶላር ዋና ዋና ካሾች (ለፍጥነት ሲባል የተገኘን መልስ የሚያቆዩ ጊዜያዊ ማከማቻዎች)፣ ማለትም ፊልተርካሽ፣ ኩዌሪሪዛልትካሽና ዶኩመንትካሽ፣ ከአንድ ሰርቸር (የሰነዶችን ማውጫ፣ ማለትም ኢንዴክስን፣ ከፍቶ ከሚፈልግ የሶላር ክፍል) ጋር ተፈጥረው ከእርሱ ጋር የሚወገዱ ናቸው፤ ሰርቸሩም በተከፈተበት ቅጽበት የነበረውን ኢንዴክስ ብቻ ያያል። በመሆኑም አሮጌ ውጤት ሲታይ በአብዛኛው ወይ አዲስ ሰርቸር አልተከፈተም፣ ወይ ከሶላር ውጭ ያለ ካሽ ጣልቃ ገብቷል።

ምልክት፦ የታረመ ሰነድ በቀድሞ ይዘቱ ይመጣል

ያንኑ መጠይቅ ከሰርቨሩ ላይ፣ በቀጥታ ወደ ሶላር 8983 ፖርት በኩርል (ከትእዛዝ መስመር መጠይቅ በሚልክ መሣሪያ) ይላኩ። የታረመው ሰነድ ከመጣ ሶላር ጤነኛ ስለሆነ ፍተሻው ወደ ብሮውዘሩ፣ ወይም ከሶላር ውጭ ካሽ ወደሚይዙት እንደ ቫርኒሽና ሬዲስ ወዳሉ ሶፍትዌሮች ይዙር። በዚያ በኩል የካሽ ቁልፉ (የተቀመጠው መልስ የሚለይበት ስም) የገጽ ቁጥርን፣ የአደራደር ስልትንና የተጠቃሚ ፈቃድን ማካተቱ ይረጋገጥ፤ ፈቃዱ ከቁልፉ ከተዘነጋ የአንዱ ተጠቃሚ ውጤት ለሌላው ይደርሳል፤ ይህ ደግሞ ከአሮጌ ውጤት የከፋ ነው።

ሶላር ራሱ አሮጌውን ከመለሰ በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ ሰርቸሩ የተከፈተበትን ሰዓት ይመልከቱ። ሰዓቱ ሰነዱ ከታረመበት የቀደመ ከሆነ መንስኤው የኮሚት (ለውጦችን የማጽናት) አሠራር ነው። በተለመደው ውቅር አውቶኮሚት በየ15 ሰከንዱ መረጃውን ወደ ዲስክ ቢጽፍም፣ ኦፕንሰርቸር ፎልስ (አዲስ ሰርቸር አይከፈት) ስለተባለ የተጻፈው ለፈላጊው አይታይም። መፍትሄው ተጠቃሚው ሊታገሠው በሚችለው መዘግየት ልክ አውቶሶፍትኮሚትን (አዲስ ሰርቸር ከፍቶ ለውጡን የሚያሳየውን ኮሚት) መወሰን ነው። ከመተግበሪያው በእያንዳንዱ ሰነድ ኮሚት መላክ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ሰርቸሮች እየተደራረቡ ካሹ ሳይሞቅ (በመልሶች ሳይሞላ) እንዲጣል ስለሚያደርግ አይመከርም።

ምልክት፦ ገጹ በታደሰ ቁጥር ውጤቱ ይለዋወጣል

ሬፕሊካዎች (የአንድ ኢንዴክስ ቅጂዎች) ሰርቸር የሚከፍቱበት ጊዜ ስለሚለያይ ነው። እያንዳንዱን በዲስትሪብ ፎልስ (መጠይቁ ወደ ሌሎች እንዳይተላለፍ በማድረግ) ለብቻው ጠይቀው የሰነዶቹን ቁጥር ያነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ከሶፍትኮሚቱ ጊዜ በላይ ከቆየ የሬፕሊካው ሎግ ይመርመር።

ምልክት፦ ካሹ ቢኖርም ፍለጋው ቀርፋፋ ነው

የፊልተርካሽ የማግኘት ምጣኔ (መልስ ከካሹ የተገኘበት ድርሻ) ወደ ዜሮ ከተጠጋ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በፊልተር (ውጤቱን በሚያጠብ የመጠይቅ ሁኔታ) ውስጥ የገባ ናው (የአሁን ሰዓት) ነው። ናው እስከ ሚሊሰከንድ ስለሚሰላ እያንዳንዱ መጠይቅ አዲስ ቁልፍ ይፈጥራል፤ ናው/ዴይ ተብሎ ሲጻፍ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ቁልፍ ያገለግላል። ቀኑ የሚቆረጠው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ስለሆነ በኢትዮጵያ አዲስ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑን አስበው፣ አስፈላጊ ከሆነ የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ ያስተካክሉ።

የካሹን መጠን ማሳደግ ግን ዋጋ አለው። ሰፊ ውጤት ያለው አንድ ፊልተር ለእያንዳንዱ ሰነድ አንድ ቢት ስለሚይዝ፣ 100 ሚሊዮን ሰነድ ባለው ኢንዴክስ 12.5 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 512 እንዲህ ያሉ ፊልተሮች ሲጠራቀሙ 6.4 ጊጋባይት ይሆናሉ። ዳግም የማይጠየቅ ፊልተር ካሽ ፎልስ (በካሽ አይያዝ) ተብሎ ቢታለፍ ይሻላል።

ምልክት፦ ትናንት ይገኙ የነበሩ የአማርኛ ሰነዶች ዛሬ ጠፍተዋል

ይህ ካሽ ይመስላል እንጂ ካሽ አይደለም። ሐን ወደ ሀ፣ ፀን ወደ ጸ የሚያቀና የፊደል ፊልተር (ከላይ ካለው የመጠይቅ ፊልተር የተለየ) በስኪማው (የሰነዶቹ መስኮች አሠራር በሚወሰንበት ፋይል) ላይ ተጨምሮ ኮሩ (ኢንዴክሱን የያዘው የሶላር ክፍል) እንደገና ሲጫን፣ «ፀሐይ» የሚለው መጠይቅ «ጸሀይ» ሆኖ ይፈለጋል፤ ቀድሞ የገቡት ሰነዶች ግን ኢንዴክሱ ውስጥ አሁንም «ፀሐይ» እንደሆኑ ናቸው። ካሹን መቶ ጊዜ ቢያጸዱት አይመለሱም። በአናሊሲስ ገጽ ላይ ቃሉን በኢንዴክስም በመጠይቅም በኩል አስገብተው ይሞክሩ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ውጤት ካልሰጡ የፊልተሩ ሰንሰለት ይታረም፤ ከሰጡ ደግሞ ሰነዶቹን ሁሉ እንደገና ወደ ኢንዴክሱ ማስገባት ያስፈልጋል።