የፈረንጆቹን ገና አይቶ ለራስ ገና ጎጃም መድረስ

የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16፣ የእኛው ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ሁለቱም አንድ ቀን ይቀድማሉ። በመካከል ያሉት 13 ቀናት ለሁለቱም ይበቃሉ። ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ የተነሣ ሰው የጀርመኗን ኑርንበርግን ወይም የኦስትሪያዋን ቪየናን አይቶ ለበዓሉ ቤቱ ይደርሳል። ጉዞውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የቀን ስሌት ነው።

እኛ ዘንድ ድምቀቱ የበዓሉ ዕለት ነው። እዚያ ግን አደባባዩ የሚደምቀው ከበዓሉ በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ነው። የኑርንበርግ የገና ገበያ ዲሴምበር 24 ከሰዓት በኋላ ያበቃል፤ በማግሥቱ የደረሰ ሰው የሚጠብቀው ጭር ያለ አደባባይና የተዘጋ ሱቅ ነው። ለንደን ውስጥማ ዲሴምበር 25 ባቡርም አውቶቡስም የለም። ስለዚህ እስከ ዲሴምበር 18 ይድረሱ። ከዘገዩ የቼክ ዋና ከተማ ፕራግን ይምረጡ፤ የአሮጌው ከተማ አደባባይ ገበያ እስከ ጃንዋሪ 6 ይቆያል።

ጀርመንን፣ ኦስትሪያንና ቼክን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለውን የሸንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ከ15 ቀን ያነሰ ሲቀር ግን ጊዜው አልፏል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ዋስትናም ይጠየቃሉ። ቀጠሮ ስለሚጨናነቅ በመስከረም ይጀምሩ።

ብርዱን ከጮቄ ብርድ ጋር አያምታቱት። የጮቄን ውርጭ ረፋድ ላይ ፀሐይ ታቀልጠዋለች፤ እዚያ ግን ፀሐይ በእነሱ ሰዓት 16፡00 ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፣ በረዶውም ውሎ ያድራል። ጋቢ ለማደሪያ ቤት እንጂ ለመንገድ አይሆንም፤ ጥጥ ርጥበት ይዞ ገላን ያቀዘቅዛል። ከሥር ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከላዩ ወፍራም ሹራብ፣ በመጨረሻ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት ይልበሱ። ጫማው ከወትሮው አንድ ቁጥር ይለቅ። በጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ መደረብ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያግድ ጣትን ይባስ ያደነዝዛል። ስልክዎን ከጃኬቱ በውስጥ ኪስ ይያዙ፤ ብርድ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ጉዞው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ምግቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቬጀቴሪያን» ብለው ካዘዙ ወተትና እንቁላል ሊገባበት ይችላል፤ ለጾማችን የሚቀርበው ቃል «ቬጋን» ነው። ሽቶለን የሚባለው የገና ዳቦ በቅቤ የተሠራ ነው፤ ተፈቅፍቆ የሚጠበሰው ድንችም ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። በመንገድ ዳር የሚጠበሰው የቼስትነት ፍሬ ግን ያለ ሥጋት ይበላል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ብዙም አይጎዳም፤ መብራቱ የሚያምረው ሲመሽ ነው። በገና ገበያው ትኩስ መጠጥ የሚቀርብበት ኩባያ ማስያዣ ይከፈልበታል፤ ኩባያውን ሲመልሱ ገንዘብዎን ያገኛሉ።

ለዘመድ የጎጃም ቅቤ፣ ቋንጣ ወይም አይብ ይዘው አይሂዱ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በመንገደኛ የሚገባ ሥጋና የወተት ውጤት ክልክል ስለሆነ ጉምሩክ ይወስደዋል። ማር ግን በሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ክዳኑን በደንብ አሽገው በሚጫነው ሻንጣ ይክተቱት፣ በእጅ ሻንጣ ፍተሻውን አያልፍም።

የመልስ በረራዎን ከጃንዋሪ 2 አያሳልፉ። በረዶ አውሮፕላን ማረፊያ ሲዘጋ ቀን ሙሉ ሊያስተጓጉል ይችላል። እስከ ባሕር ዳር ያለውንም በረራ በአንድ ቲኬት ያስቆርጡ፤ ለየብቻ ከተቆረጠ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው በራስዎ ኪሳራ ያመልጣል።