ክፍሉ ምስጢር አልይዝ ሲል፦ በታሪካዊ ልብ ወለድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በታሪካዊ ልብ ወለድ ረቂቆች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ትዕይንት አለ። ሁለት ሰዎች ክፍል ይገባሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያሴራሉ። ደራሲው ልባችንን የሰቀለ መስሎታል። እኛ ግን ገጹን እየገለጥን ነው።

ችግሩ ክፍሉ የዛሬ ክፍል መሆኑ ነው። ሻማ በርቶበታል፣ ከባድ መጋረጃ ተሰቅሎበታል፣ በሩ ግን የሚዘጋው እንደኛ ዘመን በር ነው። በድሮ ቤት ምስጢርን የሚጠብቀውም የሚያወጣውም ሰው ነበር። ማን ሳያንኳኳ ይገባል? ማን በር ላይ ይተኛል? መብራት ይዞ የሚመጣው ማን ነው? ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ እነዚህን ጥያቄዎች ካለመጠየቅ የሚመጡ ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዎቹ ብቻቸውን ናቸው ብሎ ማሰብ

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ብቻ መሆን ለባለጸጋም ብርቅ የነበረበት ዘመን ረጅም ነው። በአውሮፓ ትላልቅ ቤቶች አንዱ ክፍል በሌላው በኩል ያሳልፍ ነበር። ከአዳራሹ ተነስቶ መኝታ ቤት ለመድረስ የሌሎችን ክፍል ማቋረጥ ግድ ነው። ክፍሎችን ለየብቻ የሚያገናኘው ኮሪደር እየተለመደ የመጣው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ስለዚህ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ገጸ ባሕርያችሁ "በኮሪደሩ ሹልክ ብላ" ካለፈች፣ ቤቱን ማን እንደሠራላት መጠየቅ ያስፈልጋል። መኝታ ቤት ውስጥም ቢሆን አሽከር ወይም ገረድ እዚያው ወይም ደጃፉ ላይ ይተኛል። የአልጋ መጋረጃ ብርድ ብቻ አልነበረም የሚከላከለው። ብዙ ጊዜ ለባለአልጋው ያለችው ግላዊ ቦታ እሷው ብቻ ነበረች።

የፈረንሳይዋ ማሪ አንቷኔት በ1778 የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ በቤተ መንግሥቱ ሥርዓት መሠረት ክፍሉ በሰው ከመጨናነቁ የተነሳ ራሷን ስታ ነበር። ንግሥት በምጥ ሰዓት ብቻዋን መሆን ካልቻለች፣ የእናንተ ወጣት መኮንን ደብዳቤ ሲያቃጥል እንዴት ብቻውን ሊሆን ቻለ?

ይሄ ለደራሲ ሲሳይ ነው፤ ሰውየውን ከክፍሉ አታስወጡት። ደካማው ረቂቅ እንዲህ ይላል እንበል፦ "በሩን ቆለፈችው። ደብዳቤውን አውጥታ ስታነብ እጇ ተንቀጠቀጠ።" አሁን ቁልፉን እንውሰድባት፦

"ገረዷ ከኋላዋ ቆማ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። ደብዳቤው እጅጌዋ ውስጥ ነው። ማበጠሪያው ወደ ታች በተሳበ ቁጥር ክንዷ ይነቃነቃል፣ ወረቀቱም ሿ ይላል። 'በረደዎት እንዴ፣ እመቤቴ?' አለች ገረዷ። ማበጠሪያው ቆሟል።"

ጨለማ የለም፣ ቁልፍ የለም፣ መስኮቱም ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ግን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ የምንቸኩለው በዚህኛው ነው።

ድብቅ በርን እንደ ተአምር መምዘዝ

ጀግናው ሊያዝ አንድ እርምጃ ሲቀረው የመጻሕፍት መደርደሪያው ይዞራል። አንባቢ እዚህ ጋ ይስቃል፤ ልክም ነው።

ድብቅ በር በታሪክ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ኦክቶበር 6 ቀን 1789 ሕዝቡ የቬርሳይን ቤተ መንግሥት ጥሶ ሲገባ፣ ንግሥቲቱ ማሪ አንቷኔት ያመለጠችው ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ ጋር ተመሳስሎ በተሠራ በር ነው። ነገር ግን ያ በር ለነፍስ ማዳኛ ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። ወደ ውስጠኛ ክፍሎቿ የምትገባበት የዘወትር በር ነው። ደራሲ ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ። ምዕራፍ 2 ላይ ገረዷ ፎጣ ይዛ በዚያ በር ትግባ፣ ማንም ልብ አይበላት። ምዕራፍ 20 ላይ በሩ ሲከፈት አንባቢው ተታለልኩ አይልም።

ሌላው ነገር፣ ድብቅ በር ካለ የሠራው ሰው አለ። በእንግሊዝ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ ከ1585ቱ ሕግ በኋላ የካቶሊክ ቄስ መደበቅ በሞት ያስቀጣ ነበር። ኒኮላስ ኦወን የሚባል አናጺ በየባላባቱ ቤት እየዞረ መደበቂያ ይሠራ ነበር። ቀን ቀን ሰው እያየው ተራ የእንጨት ሥራ ይሠራል። ሌሊት ብቻውን ድንጋይ ይፈለፍላል። የቤቱ አሽከሮች እንኳ እንዳያውቁ ነው። በ1606 ተይዞ ለንደን ግንብ ውስጥ በምርመራ ሥቃይ ሞተ። የስንት ቤተሰብ ነፍስ በዚህ አንድ ሰው አፍ ላይ እንደተንጠለጠለ አስቡት። እኔ ብሆን ከበሩ ይልቅ ስለ አናጺው እጽፋለሁ።

የተደበቀው ሰው አካል እንዳለው መርሳት

በልብ ወለድ ውስጥ የተደበቀ ሰው አያስለውም፣ አይርበውም፣ ሽንቱ አይመጣም።

የኦወን ዘመን ፈታሾች ግድግዳ አንኳኩተው የሚሄዱ ሰዎች አልነበሩም። ቤቱን ከውስጥም ከውጭም ይለካሉ፤ ልኩ ካልገጠመ መሀል ላይ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ካጡም አይሄዱም፣ እዚያው ሰፍረው ይጠብቃሉ። በጃንዋሪ 1606 ሂንድሊፕ የተባለውን ቤት የከበቡት እንዲህ ነው ያደረጉት። ሄንሪ ጋርኔትና ኤድዋርድ ኦልድኮርን የተባሉ ሁለት ቄሶች እግር በማያዘረጋ ጉድጓድ ውስጥ ሳምንት ያህል ቆዩ። ሾርባ የሚደርሳቸው በጭስ ማውጫው በኩል በተሳበ ሸምበቆ ነበር። እግራቸው አበጠ። በመጨረሻ ያሸነፋቸው ረሃብ እንዳልሆነ ጋርኔት ራሱ ጽፏል። የመጸዳጃ ዕቃ ቢኖረን ኖሮ ሦስት ወር መቀመጥ እንችል ነበር ነው ያለው።

እንዲህ ያለውን ነገር ፈጥሮ ለመጻፍ ብዙ ደራሲ ያፍራል። ግን ልብ ሰቀላ ያለው እዚያ ነው። ከውጭ ወታደር አለ፣ ከውስጥ ደግሞ ትዕዛዝ የማይሰማ ሆድና ፊኛ። ትዕይንቱን ስትጽፉ ከጎራዴው በፊት ስለ እግሩ አስቡ። ደንዝዟል? ሲነሳ ይሸከመዋል?

መብራት በነፃ ማብራት

"ገባና ሻማውን ለኮሰ።" በምን?

ክብሪት በእንግሊዛዊው ጆን ዎከር ለገበያ የቀረበው በ1827 ነው። ከዚያ በፊት ባልጩትና ብረት ማጋጨት፣ ብልጭታውን በተቃጠለ ጨርቅ መቀበል፣ እፍ እፍ ማለት ነበር። ይጮኻል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ እርጥበት ካለ ደግሞ እምቢ ይላል። አለዚያ እሳት ካለበት ክፍል ፍም ይዞ መምጣት ነው። ያ ማለት ደግሞ በቤቱ ውስጥ እሳት ይዞ መሄድ፣ በየደጃፉ መታየት ነው። ሻማ የያዘ ሰው ከሚያየው ይልቅ የሚያዩት ይበዛሉ።

ሻማው ራሱ ይናገራል። የሞራ ሻማ ይሸታል፤ ሰውየው ከወጣ በኋላም ሽታው ክፍሉ ውስጥ ይቆያል። በ1820ዎቹ የተጎነጎነ ክር እስኪመጣ ድረስ ክሩን በየጊዜው በመቀስ መከርከም ያስፈልግ ነበር፣ ካልሆነ ያጨሳል፣ ይፈዛል። ይሄ ለንግግር ትዕይንት የተሰጠ ስጦታ ነው። ሁለት ሰዎች እየተደራደሩ ሳለ አንደኛው ከባድ ጥያቄ ሲመጣበት ክር ልከርክም ብሎ ይነሳል። ጀርባውን ሰጠን፤ ፊቱን አላየንም።

ደግሞ በትላልቅ ቤቶች የሻማ ቁራጭ የአሽከሮች ጥቅም ነበር። ስለዚህ ቁራጩን በዓይኑ የሚለካ ሰው አለ። ማታ ሙሉ የነበረ ሻማ ጠዋት ግማሽ ከሆነ፣ ጌታው ተኝቼ ነበር ቢል የሚያምነው የለም።

ክፍሉን የዕቃ መዝገብ ማድረግ

ብዙ ያነበበ ደራሲ ያነበበውን ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ያስገባል። የዋልነት ጠረጴዛ፣ የፍላንደርስ ምንጣፍ፣ የቬኒስ መስታወት። ሦስት አንቀጽ አለፈ፣ ሰውየው ገና በር ላይ ነው። የፈራ ሰው ስለ ጠረጴዛው እንጨት ዓይነት አያስብም። ከጀርባው ሰው ሊቆም ይችል እንደሆነ ነው የሚያየው። መስታወቱ ይቅር አልልም፤ በሩ ውስጡ የሚታይ ከሆነ ይቆይ።

ግድግዳው እንዳስፈለገ እንዲሰማና እንዳይሰማ ማድረግ

በአንድ ምዕራፍ ሰላዩ በሩ ላይ ጆሮውን ደግኖ ቃል በቃል ይሰማል። በሚቀጥለው ምዕራፍ እዚያው ክፍል ውስጥ ሰው ሲገደል ማንም አልሰማም። አንዱን ምረጡ።

ድምፅ የየቤቱ ጠባይ ነው። በጃፓን ኪዮቶ የኒጆ ቤተ መንግሥት ወለል ሲረገጥ እንደ ወፍ ይንጫጫል። ሰርጎ ገብን ለማጋለጥ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ሲባል ኖሯል። የለም፣ ከሥር ያለው ማያያዣ ከጊዜ ብዛት ላልቶ ነው የሚሉም አሉ። ለታሪክ ምሁራን ክርክር ነው፤ ለእናንተ ግን ሁለቱም ያገለግላሉ። ዝምታም የራሱ ሰዓት አለው። በአምስተርዳም ከናዚዎች የተሸሸጉት የአና ፍራንክ ቤተሰብና ጓደኞቻቸው፣ በጠቅላላው 8 ሰዎች፣ ከ1942 እስከ 1944 ድረስ ከአንድ ድርጅት ጀርባ ኖረዋል። መጋዘኑ ውስጥ ሠራተኛ ባለበት ሰዓት ውሃ አይለቀቅም፣ ረገጥ ተደርጎ አይሄድም። ሠራተኛው ሲወጣ ሕይወት ይጀመራል። በክፍላችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ የሰዓት ድንበር ካለ፣ አንድ ሠራተኛ የረሳውን ኮፍያ ሊወስድ ቢመለስ ብቻ ይበቃል።

ምስጢርን ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ መክተት

ዋሻ፣ ምድር ቤት፣ የሸረሪት ድር። ሰለቸን።

በ1605 የእንግሊዝን ፓርላማ ለማፈንዳት ያሴሩት ሰዎች ባሩዳቸውን ያስቀመጡት ከጌቶች ምክር ቤት ሥር በሕጋዊ መንገድ በተከራዩት ዕቃ ቤት ነበር። 36 በርሜል ባሩድ፣ በላዩ ላይ ማገዶና ከሰል። ኖቬምበር 4 ቀን ባለሥልጣናት ገብተው አይተዋል። ጋይ ፎክስንም አግኝተውታል። የጌታዬ ማገዶ ነው አላቸው፣ ሄዱ። ኋላ የከነከናቸው የማገዶው ብዛት ነው። ጌታው እዚያ ቤት እምብዛም አያድርም፣ ይህ ሁሉ እንጨት ለምኑ? እኩለ ሌሊት ገደማ ተመልሰው መጡ።

ከዚያ የመጀመሪያ ጉብኝት የሚበልጥ ትዕይንት ለማግኘት ይቸግራል። ሁሉም ነገር ዓይን ፊት ተቀምጧል፣ ሰውየው በትሕትና ይመልሳል፣ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

የቤቱን ፕላን በጭንቅላት መያዝ

ወረቀት ላይ ሳሉት፤ አስቀያሚ ቢሆንም ግድ የለም። ደረጃው የማን እንደሆነ ጻፉበት። ማርች 9 ቀን 1566 የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ከመኝታ ቤቷ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል እራት ላይ ነበረች። ባሏ ዳርንሊ ከታች ካለው ክፍሉ በግል ደረጃ ወጥቶ መጣ። ባል ነውና ማንም አልጠረጠረም። ቀጥሎ በዚያው ደረጃ ጥሩር የለበሰ ሰው ብቅ አለ። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ የአርጋይል ባላባት ሚስት አንዲት ሻማ ቀልባ ባትይዝ ኖሮ ክፍሉ ይጨልም ነበር። የንግሥቲቱ ጸሐፊ ሪዚዮ ተጎትቶ ወጥቶ ተገደለ። ደረጃው የባሏ ባይሆን ኖሮ የመጀመሪያው ኮቴ ሲሰማ ጠባቂ ይጠራ ነበር።

ገጸ ባሕርዩ የሚያውቀውን ከአንባቢ መደበቅ

በሰውየው ዓይን ስናይ ቆይተን፣ ሣጥኑን ሲከፍት "ያየው ነገር አስደነገጠው" ተብሎ ምዕራፉ ይዘጋል። ይህ ምስጢር አይደለም፣ ብልጠት ነው። አንባቢ አንዴ ይታገሣል፣ ሁለተኛ ግን አይምርም።

ከዚህ የሚሻለው አንባቢው ከገጸ ባሕርዩ እኩል ወይም ትንሽ በልጦ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የመማክርቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ፍርግርግ የለበሰ መስኮት አለ። ሱልጣኑ ከጀርባው ሆኖ ውይይቱን ማዳመጥ ይችል ነበር። መስኮቱ አልተደበቀም፤ ቪዚሮቹ (የሱልጣኑ ሚኒስትሮች) በየስብሰባው ያዩታል። የማያውቁት ዛሬ ሱልጣኑ ከኋላው መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ሱልጣኑ መቀመጡን ለአንባቢው ንገሩትና አንዱ ቪዚር የልቡን መናገር ይጀምር። ወይም ቦታው ባዶ መሆኑን ንገሩትና ቪዚሩ ፈርቶ የጓደኛውን ነፍስ ሊያድን የሚችለውን ቃል ይዋጠው። ሁለተኛው ይከብዳል፤ እኔ ግን እሱን ነው የምሞክረው።