የዓሣ ገንዳ መብራት እምቢ ሲል፦ ባላስቱ ነው ወይስ ሌላ?

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን የጋሼ የዓሣ ገንዳ መብራት ሁለት ሦስቴ ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ። «ባላስቱ ነው» ብለው መርካቶ ወርደው አዲስ ገዝተው መጡ። ባላስት ማለት ወደ ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሳጥን ነው። ቀየሩት። አሁንም ጨለማ። ክዳኑን አብረን ገልብጠን ስናይ አምፖሉ የሚሰካበት መያዣ ውስጥ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። ከገንዳው የሚወጣው እንፋሎት ላይ የጅማ እርጥበት ሲጨመርበት ብረት አይተርፍም። ስለዚህ ባላስት ከመግዛታችሁ በፊት በቅደም ተከተል እዩ።

ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። መብራት ሄዷል ብላችሁም አትዘናጉ፤ እጃችሁ ሽቦ ላይ እያለ ሊመጣ ይችላል። እጃችሁንም አድርቁ።

የአምፖሉ ሁለት ጫፎች ቀልተው ቀርተው መሃሉ አልበራ ካለ ብዙውን ጊዜ ስታርተሩ፣ ማለትም አምፖሉን የሚያስነሳው ዕቃ ነው። ትንሿን ክብ ነገር አዙራችሁ አውጧትና በአዲስ ተኩ፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው። ብልጭ ድርግም እያለ ጫፎቹ ከጠቆሩ ደግሞ አምፖሉ አርጅቷል። ጭራሽ ካልበራ የሚሠራ አምፖል አምጥታችሁ ሞክሩ፣ መያዣውን በደረቅ ብሩሽ አጽዱ፣ የላሉ ሽቦዎችን አጥብቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ፣ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ፣ አሁን ባላስቱን ጠርጥሩ። ከባድ የብረት ባላስት ከሆነ ሽቦዎቹን ለይታችሁ በኤሌክትሪክ መለኪያው ቴስተር ኦሙን (ሽቦው ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) ለኩት። ደህናው ጥቂት አስር ኦሞች ያሳያል፤ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል። ኤሌክትሮኒክስ ባላስት ግን በዚህ አይለካም። የሚሠራ አምፖል ገብቶበት፣ 220 ቮልቱም እስከ መግቢያው ደርሶ ካልበራ ሞቷል ማለት ነው። ኤሌክትሪክ እያለ መለካቱን ላልለመደ ሰው አልመክርም፤ ለኤሌክትሪሺያን ስጡት። ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኃይል ሊይዝ ስለሚችል ሳጥኑን አትክፈቱ።

ሲቀየር ዋናው ነገር ማመሳሰል ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የአምፖሉ ዓይነት፣ ዋቱና የአምፖሎቹ ብዛት አንድ መሆን አለበት። ቲ8 የሚባለው ወፍራሙ አምፖል 60 ሳንቲ ሜትሩ 18 ዋት፣ 120ው 36 ዋት ነው፤ ቀጭኑ ቲ5 ግን የራሱን ባላስት ይፈልጋል። ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ አዲሱ ላይ የታተመውን ሥዕል ተከትላችሁ ግጠሙ፣ ምክንያቱም የሽቦ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የመሬት ሽቦ ካለው ሳታስሩት እንዳትተዉ! መጋጠሚያውን በማያያዣ አጥብቁ፤ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ነገር እርጥበት ላይ አይዘልቅም።

ደግሞ ባላስቱን ክዳኑ ውስጥ መልሳችሁ አትክተቱት። ሽቦውን አስረዝማችሁ ከገንዳው ውጭ፣ ደረቅና አየር የሚያገኝ ቦታ በዊንታ እሰሩት። ወደ ሶኬቱ የሚሄደው ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ውኃ ቢወርድበት እዚያው ታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም።

መብራቱ እስኪሠራ ጥቂት ቀን ቢያልፍ ዓሦቹ ምንም አይሆኑም፤ የአየር ፓምፑን ብቻ አታጥፉባቸው። ጋሼ መያዣውን ቀየሩት፣ አዲሱንም ባላስት ግድግዳው ላይ አሰሩት። ይኸው እስከ ዛሬ ይበራል።