ጣት የምታክለውን የወንዝ ዓሣ ለመለየት መጀመሪያ ገልብጧት

ከጅማ ዙሪያ ወንዞች ትንንሽ ዓሣ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎቼ ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው። «ቲቸር፣ ይቺ የምን ጫጩት ናት?» ጣት የምታክል ዓሣ ሁሉ የትልቅ ዓሣ ልጅ ትመስላቸዋለች። አንዱ የቆሮሶ ነች ይላል፣ ሌላው የአምባዛ። ብዙ ጊዜ ግን ሳፋው ውስጥ ያለችው የማንም ጫጩት አይደለችም። ራሷን የቻለች፣ አድጋ የጨረሰች ዓሣ ነች። በሳይንስ ስሟ ጋራ ትባላለች። ብዙውን ጊዜ ከ15 ሴንቲ ሜትር አትበልጥም። ለመጥበሻ ስለማትሆን ልብ የሚላት የለም።

እሷን መለየት የሚከብደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀለሟ ላይ ነው የሚያፈጠው። ቀለሟን እርሱት። ጥቁር ድንጋይ ላይ የኖረች ትጠቁራለች፣ ነጭ ሳፋ ውስጥ ትንሽ ስትቆይ ትገረጣለች። ዓሣን ከጎን ማየት ለምዶብናል፤ መጽሐፍ ላይም የሚሳለው ከጎኑ ነው። የጋራ መታወቂያ ያለው ግን ከሥር ነው።

በመጀመሪያ ዓሣዋን እናግኛት። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ አሰንዳቦ አካባቢ ጊልጌል ጊቤን ታገኙታላችሁ። ወንዙ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ይገባል፤ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግድብ ውኃውን ያስተኛበት ቦታ ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ። ጋራ የምትወደው የሚሮጥ ውኃና ድንጋይ ነው። ወደ ወንዙ የሚገቡትን ትንንሽ ገባሮች ሞክሩ። ክረምት ላይ ውኃው ቀይ ጭቃ ስለሚሆን ምንም አይታይም፣ አደጋም አለው። ከጥር በኋላ ጥሩ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ቡና ይታጠባል። ከማጠቢያ ጣቢያ በታች ወንዙ ጠቁሮና ሸትቶ ካገኛችሁት አትድከሙ፣ ከጣቢያው በላይ ውጡ። ቡናችንን እወዳለሁ፣ እጣቢው ግን ወንዝ ይገድላል።

ቦቲ ጫማ አድርጉ። በአካባቢያችን ውኃ ብልሃርዝያ አለ፤ በባዶ እግር መግባት ጀግንነት አይደለም።

አያያዙ ቀላል ነው። ጥቅጥቅ ያለ መረብ በሁለት ዱላ መሃል ወጥሩና ውኃው በሚወርድበት በኩል ያዙት። ሌላ ሰው ከፊታችሁ ቆሞ ድንጋዮቹን በእግሩ ያገላብጥ። የደነገጠችው ዓሣ ከውኃው ጋር ወርዳ መረቡ ውስጥ ትገባለች። የወባ አጎበር ግን እንዳትቆርጡ። እናቶቻችሁ ካወቁ ዓሣውም ትምህርቱም ይቀራል።

እጃችሁን ሳታረጥቡ አትንኳት። ደረቅ እጅ በቆዳዋ ላይ ያለውን ልጋግ ይልጠዋል፣ ከዚያ በሽታ ይገባል። ቶሎ ብላችሁ የወንዙን ውኃ በሞላ ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ልቀቋት። ሰፊ አፍ ያለው የማር ጠርሙስ ይሻላል። ትንሽ ትራወጣለች፣ ከዚያ ጸጥ ትላለች። ጋራ ከሆነች ብዙ ጊዜ መስታወቱ ላይ ልጥፍ ትላለች። ሥራችሁን ራሷ ሠራችላችሁ ማለት ነው። ሆዷ ወደ እናንተ ሲዞር በስልካችሁ አንሷት። ፍላሽ አትጠቀሙ፣ መስታወቱ ያንጸባርቃል። ጠርሙሱን ወደ ሰማዩ ብርሃን ከፍ ማድረግ ይበቃል።

አሁን አገጯን ተመልከቱ። አፏ እንደ ቆሮሶ ከፊት አይደለም፤ ከአፍንጫዋ ሥር ተጎንብሶ ይገኛል። ከአፏ ኋላ ክብ ነገር አለ። መሃሉ ወፈር ያለ ሥጋ ነው፣ ዙሪያው ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ የሲኒ ማስቀመጫ ይመስላል። መጣበቂያዋ ይሄ ነው። የተሠራው ከታችኛው ከንፈሯ ነው። ጠርዙን በማጉያ ካያችሁት ጥቃቅን እባጮች ታያላችሁ። ከአገጭ ኋላ እንዲህ ያለ ክብ ካገኛችሁ፣ ዓሣዋም ቅርፊት ካላት፣ ጋራ ይዛችኋል።

«ቅርፊት ካላት» ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። በአገራችን ወንዞች በአፏ የምትጣበቅ ትንሽ የአምባዛ ዘመድም አለች። ኪሎግላኒስ ትባላለች። የእሷ መጣበቂያ ሁለቱንም ከንፈሮች ይዟል፤ አፏ ክቡ መሃል ነው። ጋራ ላይ ግን አፏ ከክቡ ፊት ነው። ኪሎግላኒስ ቅርፊት የላትም፣ ከጀርባ ክንፏና ከጅራቷ መሃል ደግሞ ጨረር (ክንፍን የሚወጥር ቀጭን ዘንግ) የሌላት ትንሽ የሥጋ ክንፍ አለቻት። የጎን ክንፎቿም እሾህ ስላላቸው ተጠንቀቁ።

ወደ ጋራ እንመለስ። ደረቷና ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። ከስንጥቧ ኋላ ያሉት የጎን ክንፎች እንደ ሌላ ዓሣ ጎኗ ላይ አልተለጠፉም፤ ወደ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ከሆዷ ጋር ይስተካከላሉ። የሆድ ክንፎቿም እንደዚያው። ውኃው ከላይ ሲጫናት ወደ ድንጋዩ ይገፋታል እንጂ አያነሳትም።

ጢሟን ቁጠሩ። ብዙዎቹ ሁለት ጥንድ አላቸው፦ አንዱ አፍንጫዋ ጫፍ አጠገብ፣ ሌላው አፏ ጥግ ላይ። አጭር ስለሆነ ውኃ ውስጥ ካልሆነች አይታይም፤ ቆዳዋ ላይ ይለጠፋል።

አብዛኛው ሰው ጋራን የሚያምታታት ከነጭ አሣ ጫጩት ጋር ነው። ሳይንሱ ላቤኦባርበስ የሚለው ማለቴ ነው። እሱም ሁለት ጥንድ ጢም አለው፣ እሱም ቅርፊት አለው፤ ጫጩቱም እሷን ያክላል። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ሳይሆን ጣታችሁን እመኑ። በረጠበ ጣት የጀርባ ክንፉን የፊት ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ነጭ አሣ ላይ ጠንካራ አጥንት ይቆማል። ጋራ ላይ እስከ ጫፉ ለስላሳ ነው፣ ይታጠፋል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ፈጣን ፈተና የለም። ባርበስ የሚባሉት ትንንሽ የነጭ አሣ ዘመዶች ደግሞ አንዳንዶቹ በዚያው አጥንት ኋላ በኩል የመጋዝ ጥርስ አላቸው። ቆሮሶን ለመለየት ግን መድከም አያስፈልግም። ጢም የለውም፣ የጀርባ ክንፉ የፊት ክፍል ደግሞ እሾህ በእሾህ ነው።

ዓሣዋ ሞታ ካገኛችኋት ውስጧንም እዩ። መንጋጋዋ ላይ ጥርስ የለም። ጥርሷ ጉሮሮዋ ውስጥ ነው፣ ከስንጥቧ ኋላ ባለው አጥንት ላይ። ይሄ የቤተሰቧ ሁሉ ባሕርይ ነው፤ ነጭ አሣም እንደዚያው። አንጀቷ ደግሞ ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ አያልቅም። ምግቧ ድንጋይ ላይ የሚበቅል አልጌ ስለሆነ ለመፈጨት ረጅም አንጀት ይፈልጋል። ተማሪዎቼ ይሄን ሲያዩ የሚያወጡት ድምፅ የብላክቦርድ ትምህርት አያስወጣውም።

በነገራችን ላይ በውጭ አገር ሰዎች እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው የሞተ ቆዳቸውን የሚያስበሏት ዓሣ የእሷው ዘመድ ነች፤ የቱርክና የመካከለኛው ምሥራቅ ጋራ ሩፋ።

ጋራ መሆኗን ለይታችኋል። የትኛዋ ጋራ ነች? እዚህ ረጋ በሉ። በሰፊው የምትጠቀሰው ጋራ ደምቤንሲስ ነች፤ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. የገለጻት። አገራችን ውስጥ ግን ሌሎችም አሉ። አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ በ2007 እ.ኤ.አ. አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጸዋል። ከእነሱ አንዷ የጣናዋ ጋራ ሬግሬሰስ ነች፤ መጣበቂያዋ እጅግ አንሷል። የሶር ወንዟ ጋራ ዱዎባርቢስ ደግሞ ጢሟ አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ስም ለመስጠት ከመቸኮላችሁ በፊት ሦስት ነገር መዝግቡ፦ የጢሙን ቁጥር፣ ደረቷና ሆዷ ላይ ቅርፊት መኖር አለመኖሩን፣ ፊንጢጣዋ ከኋለኛው የሥር ክንፍ ምን ያህል እንደሚርቅ። በጎን መስመሯ (ጎኗ ላይ በርዝመቷ በሚታየው የነጠብጣብ መስመር) ላይ ያሉትን ቅርፊቶችም ከስንጥቧ እስከ ጅራቷ ሥር ቁጠሩ። ፎቶውን አጉልታችሁ ስክሪን ላይ መቁጠር ይቀላል። ከዚህ ውጪ «ጋራ፣ ዝርያዋ ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም፤ ባለሙያዎቹም ይጽፉታል።

ርዝመት ስትለኩ ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ጅራቷ ሥር ነው። የጅራት ክንፉን አትጨምሩ፤ ክንፍ ይቀደዳል፣ ልኬታችሁም ይሳሳታል። በሕይወት ያለችውን ፎቶ አንስታችሁ ወደያዛችሁበት ድንጋይ መልሷት። ሞታ የተገኘችውን ለትምህርት ቤት የምታስቀምጡ ከሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ትቆይ፣ ኋላ ታጥባ ወደ 70 በመቶ አልኮል ትዛወር። ፎርማሊኑን መምህር ይያዘው፣ በጓንት፣ መስኮት ተከፍቶ። የወንዙን ስም፣ ቀኑንና የያዘውን ሰው ስም በወፍራም ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ። በእስክሪብቶ ከጻፋችሁት አልኮሉ ያጥበዋል።